ዘመናይ የተባለው ፊደልና የድልድዩ ሞት

የከተማችንን ስም አልጽፍም። ብጽፈው አንዱ ተነስቶ "ስማችንን ለምን ቀጥ አድርገህ ጻፍከው?" ብሎ ይከሰኛል። ክስ እኛ ዘንድ ምን እንደሚመስል ደግሞ ቆይታችሁ ትሰማላችሁ። ለጊዜው ወንዝ ለሁለት የሚከፍላት፣ በአንድ የእንጨት ድልድይ የምትገናኝ ከተማ ናት ብላችሁ ያዙልኝ።

በዚህች ከተማ አንዲት ማተሚያ ቤት ነበረች፤ በማተሚያ ቤቷም አንጓች የምትባል ፊደል ለቃሚ ነበረች። የእርሳስ ፊደሎችን አንድ በአንድ ከሳጥን እየለቀመች ቃል ትሠራለች። ዕድሜዋ ሠላሳ ስምንት፣ ጣቶቿ በቀለም የጠቆሩ፣ አንደበቷ ቁጥብ ነበር። አላገባችም። ይህን የምናገረው የሰው ትዳር ገዶኝ አይደለም፤ እናቷ ወይዘሮ አስረበብ ከወንዙ ማዶ ሆነው ለሄደ ለመጣው ሁሉ ስለሚናገሩት ነው።

ማተሚያ ቤቷ ሁለት ዓይነት ፊደል ነበራት። አንደኛው ቀጥ ብሎ የሚቆም፣ መስመሩ ሁሉ እኩል የሚወፍር ተራ ፊደል ነው። ሁለተኛውን የከተማው ሰው "ዘመናይ" ይለዋል። ዘመናይ ወደ ቀኝ ዘንበል ያለ ነው፤ አንዱ መስመሩ አውራ ጣት ያህል ይወፍራል፣ አጠገቡ ያለው ከፀጉር ይቀጥናል፣ እግሮቹ ጫፍ ላይ ደግሞ ሹል ሹል ጫማ ያጠለቀ ይመስላል። ሲያዩት ያማልላል። ርካሽ ወረቀት ላይ ሲታተም ግን ቀጭኑ መስመር ይጠፋና ወፍራሙ ብቻ ይቀራል፤ ቃሉም የተበተነ ፍልጥ ይሆናል። ይህም ማንንም አስቸግሮ አያውቅም፤ በዘመናይ የሚታተመው የሠርግ ጥሪ ካርድ ብቻ ነበርና።

የሠርግ ካርድ እኛ ዘንድ አይነበብም። ካርድ ሲመጣ ሰው ብድግ ብሎ በሁለት እጁ ይቀበላል፣ ይስመዋል፣ ግንባሩን ያስነካዋል። ከዚያ ቦታውንና ቀኑን ብቻ ፈልጎ ያይና ሳጥኑ ውስጥ ያስቀምጠዋል። እስከ መጨረሻው ማንበብ ነውር ነው፤ ጠሪውን መጠራጠር ነው። አንድ ጊዜ አንድ እንግዳ ሰው ካርዱን ከላይ እስከ ታች ሲያነብ ተገኝቶ፣ ሠርጉ ላይ ከአጥንት በቀር ምንም አልቀረበለትም።

ይህ ሁሉ ደህና ነበር፤ የውበት ሹም የሚባል ሹመት እስኪፈጠር ድረስ።

ሹሙ በተሾሙ በሳምንታቸው አደባባይ ሰበሰቡን። "ቀጥ ያለ ፊደል ሰው ያስፈራል" አሉን። "ፊት ለፊት ቆሞ ያፈጥብናል። ዘመናይ ግን ጎንበስ ብሎ እጅ ይነሳናል። ከዛሬ ጀምሮ ከተማችን የምትጽፈው ሁሉ በዘመናይ ይሁን!" አጨበጨብን። እኔም አጨብጭቤያለሁ፤ እጄ ሌላ ሥራ አልነበረውም።

ተራው ፊደል በጆንያ ተሰፍሮ ለዓሣ አጥማጆች ታደለ፤ መረባቸው እንዲሰምጥላቸው ጠርዙ ላይ አሰሩት። የሹሙ ቢሮ ወንበሮች በአንድ ወገን እግራቸው ተቆርጦ አጠረ፤ ሠራተኛው ከፊደሉ ጋር እኩል እንዲዘም ነው። የበሩ ዘበኛ ቀጥ ብሎ በመቆሙ ሁለት ጊዜ ማስጠንቀቂያ ደረሰው፤ በሦስተኛው ግድግዳ ተደግፎ እንጀራውን አዳነ።

ከዚያ የፍርድ ቤት መጥሪያ በዘመናይ ታተመ። ጫንያለው የሚባል ሰው የጎረቤቱን በግ አርዶ በልቶ ተከሶ ነበር። መጥሪያው ሲደርሰው በሁለት እጁ ተቀብሎ ሳመ፤ ቦታው ፍርድ ቤት፣ ቀኑ ማክሰኞ መሆኑን አየ። ማክሰኞ ሰባ ዘመድ አስከትሎ በከበሮ ገባ። በጉ የተበላበት ከሳሽ ደግሞ ባዶ እጁን መሄድ ከብዶት ሁለተኛ በግ እየጎተተ መጣ። ዳኛው ዝም በሉ ለማለት ጠረጴዛውን በመዶሻ ቢመቱ ሕዝቡ በጭብጨባ ተቀበላቸው። ጫንያለው ሦስት ወር ተፈረደበት፤ ሚዜዎቹም እስከ ወህኒ ቤቱ ድረስ በእልልታ ሸኙት። የወህኒ ቤቱ ዘበኛ በሩን ከፍቶ "ሙሽራዋ የቷ ናት?" ብሎ ጠየቀ።

የከብት ክትባት ማስታወቂያ ወጣ፤ ላሞች ዶቃ አጥልቀው፣ ጃንጥላ ተይዞላቸው መጡ። የአይጥ መርዝ ቆርቆሮ ላይ በዘመናይ ተጻፈበት፤ ሰው ሁሉ ለሠርግ ስጦታ ይገዛው ጀመር። ስጦታ ሳይከፈት ለሌላ ሰው ስለሚሰጥ ማንም አልተጎዳም። አንዱ ቆርቆሮ በሰባት ሠርግ ዞሮ መጀመሪያ የገዛው ሰው ቤት ተመለሰ፤ ሰውየውም በጣም አመሰገነ።

ሹሙ በዚህ ሁሉ ደስ ይላቸው ነበር። "ሕዝባችን ለማስታወቂያ እንዲህ በደስታ ወጥቶ ያውቃል?" ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ አያውቅም።

በከተማችን በዘመናይ የተጻፈውን እስከ መጨረሻ የምታነብ አንጓች ብቻ ነበረች። ፊደሉን የምትለቅመው እሷ ናትና ማንበቡ ለእሷ ሥራ ነው፤ ነውሩ አይነካትም። ስለዚህ ሁላችን ስንስቅና ስንጨፍር እሷ አንዳንዴ ራሷን ትይዝ ነበር።

አንድ ሐሙስ የድልድዩ ጠባቂ ጋሼ ጓንጉል ወደ ማተሚያ ቤቱ ገቡ። ድልድዩን ለሠላሳ ዓመት የጠበቁ፣ ከሰው ይልቅ ከእንጨት ጋር ማውራት የሚቀናቸው ሽማግሌ ናቸው። ዓይናቸው ቀልቷል።

"አንጓቼ፣ ወገቡ ሄደ" አሏት።

"የማን ወገብ?"

"የድልድዩ ነዋ! የመሃሉ ምሰሶ ከሥር በስብሷል። ጣቴን ብሰድበት እንደ ቅቤ ገባልኝ። አንድ አንድ ሰው ሲያልፍ ይችላል። ብዙ ሰው አብሮ ከቆመበት ግን አለቀ። ጠጋኞቹ የሚመጡት ሰኞ ነው፤ እሁድ ሰው ስለሚበዛ ከእሁድ ጀምሬ በማስታወቂያ ልዘጋው ነው። ይህን አትሚልኝ።"

ወረቀቱን አነበበችው። "በድልድዩ መሃል ከእሁድ ጀምሮ መቆም ክልክል ነው። ምሰሶው በስብሷል። የቆመ ሰው ይሞታል" ይላል። ሁለተኛ ጊዜ ስታየው ግን እኛ እንደምናየው አየችው፦ ቦታ፣ የድልድዩ መሃል፤ ቀን፣ እሁድ።

"ጋሼ ጓንጉል፣ ይህ እኮ ጥሪ ነው" አለች።

ወረቀቱን ይዛ ወደ ውበት ሹሙ ሮጠች። ሹሙ በዘመመው ወንበራቸው ላይ አንገታቸውን ጣል አድርገው ሰሟት።

"ጌታዬ፣ ይህን በዘመናይ ካተምኩት ሕዝቡ ለባብሶ ድልድዩ መሃል ሊጨፍር ይመጣል።"

"በጣም ጥሩ።"

"ድልድዩ ይወድቃል እኮ!"

"ማስታወቂያው አትቁሙ ይላል፤ አይልም?"

"ይላል። ግን ማን ያነበዋል?"

"ልጄ" አሉ ሹሙ በርኅራኄ፣ "በውበት መጻፍ የእኛ ድርሻ ነው፤ ማንበብ የሕዝቡ ድርሻ ነው። እኛ ድርሻችንን እንወጣ። ደግሞ ክፉ ወሬ ከሆነ ይበልጥ ውበት ያስፈልገዋል። ‘ይሞታል’ የምትለዋ ላይ ትንሽ ጌጥ ጨምሪባት።"

ጸሐፊያቸው እንደ ልማዱ ቦታውንና ቀኑን ብቻ አይቶ ማኅተም መታበት። ማኅተም ያረፈበት ቃል ደግሞ አይነካም። አንጓች አራት መቶ ቅጂ አተመች፤ በሐሳብ ሆና ወረቀቱን አጣማ ስላስገባች ፊደሉ ከሌላው ጊዜ ይበልጥ ዘሞ ወጣ። ሹሙ "እንዲህ ነው እንጂ!" አሉ።

ማስታወቂያው እንደታደለ፣ በጽሑፍ ያልሆነላትን በአፏ ልትሞክር ተነሳች። መጀመሪያ የሄደችው ጎረቤቷ ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ዘንድ ነው። ቀሚሳቸውን ፀሐይ ላይ አስጥተው አገኘቻቸው።

"እትዬ ማንጠግቦሽ፣ እባክዎን እሁድ ድልድዩ ጋ አይሂዱ።"

ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ፊታቸው ተለወጠ። "ለምን? ወጡ አይበቃም ተብሎ ነው?"

"ኧረ እንደሱ አይደለም! ድልድዩ ሊወድቅ..."

"ካርድ ሰጥቶ አትምጡ ማለት በዘመኔ አልሰማሁም! እኔ ማንጠግቦሽ ለአንድ ሳህን ወጥ የምሰስት መሰልኩሽ? አሁንማ ልጆቼንም ይዤ ነው የምሄደው!"

እስከ ማምሻው አሥራ አንድ ቤት ዞረች። አሥራ አንዱም ቤት ተቀየማት፤ አሥራ አንዱም ቤት ተጨማሪ ሰው ይዞ ለመምጣት ቆረጠ። ከአሥራ አንዱ አንደኛው የእኔ ቤት ነበር። እኔም ተቀይሜያለሁ፤ ሁለት የአጎት ልጆቼን ከገጠር አስጠርቻለሁ።

አርብ ጠዋት ከወንዙ ማዶ የመጣች ወተት ሻጭ ደግሞ ሌላ ነገር አመጣችላት። "እናትሽ እንኳን ደስ ያለሽ ብለዋል። ግን ለእናት በካርድ ይነገራል ወይ ብለው ትንሽ አዝነዋል።"

ነገሩ እንዲህ ነው። ቦታና ቀን እንጂ ስም ያየ ስለሌለ፣ ማን ማንን እንደሚድር እያንዳንዱ በየቤቱ ይገምት ነበር። ወይዘሮ አስረበብም ካርዱን አገላብጠው፣ የልጃቸው እጅ ያተመው መሆኑን አስበው፣ ሃያ ዓመት የጠበቁት ቀን መጣ ብለው አለቀሱ።

አንጓች ድልድዩን ብቻዋን፣ በጣቷ ጫፍ እየረገጠች ተሻገረች። እናቷ ደጃፋቸው ላይ አንድ ትልቅ ሳጥን አውጥተው አቧራውን እየጠረጉ ነበር። ሲያዩዋት እየሮጡ መጥተው አንገቷ ላይ ተጠመጠሙ።

"እማዬ፣ ስሚኝ። ሠርግ የለም። አላገባም።"

"እሰይ! እንዲህ ነው የሚባለው" አሉ እናት እንባቸውን እየጠረጉ። "ጨዋ ልጅ አገባለሁ ብላ አትናገርም።"

"የምሬን ነው! ድልድዩ ሊወድቅ ነው። ከቆምሽበት ትሞቻለሽ!"

"እኔም በጊዜዬ ይህንኑ ብያለሁ። ወንዙ ይሙላ፣ ሰማዩ ይውደቅ እንጂ አላገባም ብዬ ምሰሶ አቅፌ ጮኬያለሁ። አባትሽ ግን ጥሩ ሰው ሆኖ ተገኘ።"

"እማዬ!"

"በቃ፣ በቃ፣ ብዙ አትናገሪ፤ ሙሽራ ነሽ። እሁድ ከሁሉም ቀድሜ ድልድዩ መሃል ገብቼ የምጨፍረው እኔ ነኝ። ይህን ሳጥን አየሽው? አንሶላው፣ ጋቢው፣ ድስቱ፣ ሁሉም እዚህ አለ። ሃያ ዓመት ሙሉ አንድ አንድ እያልኩ የሞላሁት ነው።"

አንጓች እያለቀሰች ተመለሰች። እናት እንባዋን አይተው ይበልጥ ረኩ፤ ሙሽራ ካላለቀሰች ደግ አይደለም ይባላል እኛ ዘንድ። አንጓች ግን እያሰበች የነበረው አንድ ነገር ብቻ ነው። እናቷ ሊሞቱ ነው፤ ጥሪውን ያተመችው ደግሞ እሷ ናት።

ቅዳሜ ወደ እድራችን ጡሩምባ ነፊ፣ ወደ አቶ ቢተው ሄደች። ሞት በከተማችን ተጽፎ አያውቅም። ማለዳ በጡሩምባ ይለፈፋል፤ ጡሩምባ ደግሞ ሹሙ ያላዘመሙት ብቸኛ ነገር ነው። ለቅሶ ከተጠራ ሠርገኛም ቢሆን ከመንገዱ ይመለሳል።

"ነገ ማለዳ እንዲነፉልኝ ነው" አለቻቸው።

አቶ ቢተው ባርኔጣቸውን አወለቁ። "ነፍስ ይማር። ማን አረፈ?"

"ድልድዩ።"

አቶ ቢተው ባርኔጣቸውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። የማይቸኩሉ ሰው ናቸው። "ዕድሜው?" አሉ ቆይተው።

"አርባ አንድ።"

"ምነው በጎልማሳነቱ! ምን ሆኖ?"

"ወገቡን አሞት።"

"ሐዘንተኛስ አለው? ያለ ሐዘንተኛ አልነፋም።"

"ጋሼ ጓንጉል ናቸው። ከሐሙስ ጀምረው እያለቀሱ ነው።"

አቶ ቢተው አሰቡ። "እኔንም በልጅነቴ አሻግሮኛል" አሉ በመጨረሻ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። "እነፋለሁ። ግን ይህን ማዶ ብቻ ነው የምዞረው። ወደ ወዲያኛው ማዶ አልሻገርም።"

"ለምን? እናቴ ያለችው እኮ እዚያ ነው!"

"አንቺ ልጅ፣ ሬሳ ላይ ልራመድ?"

ብትለምናቸው፣ ብታለቅስባቸው፣ አሻፈረኝ አሉ። አንዴ ሞቷል ካሉ ሞቷል ነው።

እሁድ ንጋት ላይ ጡሩምባው ተሰማ። "ለወገቡ ያልራራ፣ ሸክም ያልመረጠ፣ ድልድያችን አርፏልና ወደ ጋሼ ጓንጉል ቤት ለቅሶ ድረሱ!" እኔ ሱሪዬን ለሠርግ እየተኮስኩ ነበር። ተደናገጥኩ። የአጎቶቼን ልጆች ይዤ ወጣሁ። መንገዱ ለሠርግ በለበሰ ሰው ሞልቷል፤ ሴቶቹ ጡሩምባውን እንደሰሙ የነጠላቸውን ጥለት ወደ አንገታቸው አዞሩ፣ ከበሮ የያዙት በጀርባቸው ደበቁ። እልልታው መሃል ላይ ተቋርጦ ዋይታ ሆነ። ሁላችንም ከድልድዩ አፍ አጠገብ፣ ጋሼ ጓንጉል ጎጆ ደጃፍ ተሰበሰብን። ወይዘሮ ማንጠግቦሽ "እኔን ሳይቀየም ሄደ፣ እኔን ሳይቀየም!" እያሉ ሲጮኹ ልብ ይነኩ ነበር። በድልድዩ ላይ ማንም እግሩን አላነሳም። ሬሳ ነዋ።

አንጓች ግን ዓይኗ ወዲያ ማዶ ነበር። ወንዙ ይጮኻል፣ ጡሩምባው አልተሰማም፣ ያኛው ማዶ አሁንም ሠርግ ላይ ነው። ወይዘሮ አስረበብ ከሁሉም ፊት፣ ቀይ ጃንጥላ ይዘው፣ ትከሻቸውን እያወረዱ እያወጡ ወደ ድልድዩ ይመጣሉ። ከኋላቸው ሁለት ጎረምሶች ሳጥኑን ተሸክመዋል፤ ከእነሱ ኋላ ሠፈሩ በሙሉ።

"እማዬ ቁሚ!" ብላ ጮኸች። ወንዙ ዋጠው። እናት ጃንጥላቸውን ወዘወዙላት። ጎረምሶቹ ቀደም ብለው ሳጥኑን ከእናት ፊት ድልድዩ አፍ ላይ አሳረፉት።

አንጓች ሁለት እጇን አናቷ ላይ ጫነች። ከዚያ ደረቷን እየደቃች ዋይ አለች። ለማስመሰል አልነበረም፤ እናቷን ዓይኗ እያየ ልታጣ ነበርና ያለቀሰችው ከአንጀቷ ነው። እኛም ለቅሶው የጋለ መስሎን አብረናት እጃችንን አናታችን ላይ ጫንን። አራት መቶ ሰው፣ ስምንት መቶ እጅ። ይህን ማንም፣ ከየትም ማዶ ሆኖ ያነበዋል።

ወይዘሮ አስረበብ ባንድ እግራቸው ቀሩ። "ሙሽራው! ሙሽራው ሞተ!" ብለው ወደ ኋላቸው ሲወድቁ እግራቸው ሳጥኑን ገፋው። ድልድዩ ወደ መሃል ሰርጉዶ ኖሮ ሳጥኑ መንሸራተት ጀመረ፤ መሃል ደርሶ ቆመ። አንድ ቀጭን ድምፅ ተሰማ። ከዚያ ምሰሶው ተጣጠፈ፣ ድልድዩም ሳጥኑን ይዞ ወንዝ ገባ። ሃያ ዓመት የተጠራቀመ አንሶላ ውኃው ላይ ተዘርግቶ ሲሄድ ሁላችንም ቆመን አየነው።

ማንም አልሞተም። አንጓች መሬት ላይ ተቀምጣ ሳቀች፣ ደግሞ አለቀሰች፤ ሰው ሐዘን ነው ብሎ ውኃ አጠጣት።

በማግስቱ የውበት ሹሙ መግለጫ አወጡ። ማስታወቂያው በዘመናይ በመጻፉ አንድም ሰው ድልድዩን እንዳልረገጠ፣ ሕዝቡም በውበቱ ልቡ ተነክቶ እንዳለቀሰ የሚገልጽ ነበር። ለዚህም ለራሳቸው ኒሻን ሰጡ። አንጓች መግለጫውን ለቀመች። መጨረሻው ላይ ስትደርስ ግን እጇ አልቆመም፤ በራሷ ቃል ቀጠለች። ድልድዩ ለምን እንደወደቀ፣ ሹሙ ምን እንዳሏት፣ ማን ሊሞት እንደነበር፣ አሥራ አንዱም ቤት ምን እንደመለሰላት፣ አንድም ሳታስቀር ጨመረች። ጸሐፊው ቦታና ቀኑን አይቶ ማኅተም መታ። አራት መቶ ቅጂ ታደለ። አራት መቶ ሰው ስሞ፣ ግንባሩን አስነክቶ ሳጥኑ ውስጥ አስቀመጠው። ሹሙ ሁለት ጊዜ ሳሙት። እኔ የእኔን ያነበብኩት ሳጥኔን አይጥ ገብቶበት ስፈትሽ ነው፤ ይህንም ታሪክ የቀዳሁት ከዚያ ነው።

ከዚያ በፊት ያነበበ አንድ ሰው ብቻ ነው። ወዲያኛው ማዶ ወረቀቱ በገመድና በቅርጫት ተሻግሮ ነበር። ወይዘሮ አስረበብ ለአማቻቸው ሙሾ ሊያወርዱ ፈልገው ስሙን አላወቁትም፤ ሙሾ ደግሞ ያለ ስም አይወርድም። ስሙን ፍለጋ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች፣ ቀጭኑን መስመር በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡት። ከዚያ ወደ ወንዙ ዳር ወጡ። ያን ሰዓት ወንዙ ጎድሎ ድምፅ ያሻግር ነበር።

"አንጓች!"

"አቤት እማዬ!"

"ወረቀቱን ጨርሼ አነበብኩት!"

በሁለቱም ማዶ ያለው ሰው በሐፍረት አንገቱን ደፋ።

"ሙሽራ የሚባል የለበትም!"

"አልነበረማ!"

ወይዘሮ አስረበብ ወረቀቱን እንደገና አዩት። "እኔ ነኝ እንዴ ልሞት የነበርኩት?"

"አዎ እማዬ።"

ጃንጥላቸውን ዘጉ፣ ከፈቱ።

"ታዲያ እንዲህ ያለው ነገር ለእናት በወረቀት ይነገራል?" ብለው ጮኹ። "ደግሞ ያ ሁሉ አንሶላ! ድስቱስ? ሦስት ቀን ሙሉ ለእንጨት ስነፋረቅ ዝም ብለሽ ታያለሽ? ደግሞ ከስተሻል፤ ምን እየበላሽ ነው?"

ቁጣቸው ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ አላበቃም። ሌላው ሰው ሰልችቶት ወደየቤቱ ሄደ። አንጓች ግን ወንዙ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጣ፣ ፊቷ በደስታ በርቶ፣ እስከ መጨረሻው ሰማቻቸው።